ቴክኖሎጂና ኅብረተሰብ፤ ትምህርቱ የማን ነው?

፩

ሰው መሣሪያን ይሠራል፤ መሣሪያም በተራው የሰውን ኑሮ ይሠራል። በበሬ የሚያርስ ኅብረተሰብ በመቆፈሪያ ከሚተዳደረው የተለየ የመሬት ይዞታ፣ የተለየ የቤተሰብ የሥራ ክፍፍል፣ የተለየ የሀብት መለኪያ ይኖረዋል። የሞተር ወፍጮ በገባበት መንደር የእናቶች ጉልበት ከመጅ ይላቀቃል፤ በዚያው መጠን ግን ለወፍጮ ቤት የሚከፈል ገንዘብ በየጎጆው መፈለግ ይጀምራል፤ ገንዘቡን ለማግኘትም እህል ወይም ዶሮ ወይም ቅቤ ወደ ገበያ ይወጣል። አንድ ሞተር በመንደሩ ዳር ሲተከል የገበያው፣ የጓዳውና የትዳሩ ሥርዓት አብሮ ይነቃነቃል ማለት ነው። ይህን ሐቅ በኑሮ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ እንደ ትምህርት ይዞ በሥርዓት መመርመር ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

በምዕራቡ ዓለም ይህ ምርመራ ራሱን ችሎ በዩኒቨርስቲዎች ውስጥ ሥር መስደድ የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው። የአቶም ቦምብ በሁለት የጃፓን ከተሞች ላይ ያደረሰው እልቂት ከኅሊና አልጠፋም ነበር። ራሼል ካርሰን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመችው መጽሐፍ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ከተባዩ አልፎ ወፉንና ዓሣውን እንደሚፈጅ ለሕዝብ አስታወቀች። በቬትናም ጦርነት ወቅትም በላብራቶሪ የተቀመመ ኬሚካል ደን ሲያረግፍ ታየ። በዚህ ሁሉ ምክንያት የኮርኔል ዩኒቨርስቲ በ1969፣ የስታንፎርድ ዩኒቨርስቲ በ1971፣ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1976 ሳይንስንና ቴክኖሎጂን ከኅብረተሰብ ጋር አጣምረው የሚያስተምሩ ክፍሎችን አቋቋሙ። በስታንፎርድ ዛሬ አንድ ወጣት በዚሁ መስክ የመጀመሪያ ዲግሪውን መያዝ ይችላል።

በኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት ውስጥ ሁለቱ መስኮች ሲጓዙ የቆዩት በየፊናቸው ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ወደ ዩኒቨርስቲ ከሚገቡት ተማሪዎች መቶኛ ሰባው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ወሰነ። በነቀምቴ ከተማ በ1999 ዓ.ም. የተከፈተውና በሻምቡና በጊምቢም ግቢዎች ያሉት የወለጋ ዩኒቨርስቲ የመጀመሪያ ዓመታቱን ያሳለፈው በዚሁ መመሪያ ዘመን ነው። መመሪያው ለአገር ልማት መሐንዲስና ሐኪም በብዛት ያስፈልጋሉ ከሚል ቅን ሐሳብ የመነጨ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ተማሪውን ገና በበሩ ላይ ለሁለት ከፈለው፤ አንደኛው ወገን ማሽኑን፣ ሌላኛው ወገን ሰውን እንዲያውቅ ተፈረደ።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘጋጀው የአንደኛ ዓመት የጋራ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች የሚያስተዋውቅ አንድ ትምህርት ገብቷል። በውስጡም ስለ መረጃ ሳይንስ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ መሰሎቻቸው ከሚያስረዱት ምዕራፎች ጋር ስለ ሙያ ሥነ ምግባር የሚናገር አንድ ምዕራፍ ይገኛል። አንድ ምዕራፍ ከምንም ይሻላል። ነገር ግን ከአርጆ ወይም ከነጆ የመጣ ተማሪ በዚያ ምዕራፍ የሚያገኘው ጥያቄ ከአባቱ ማሳና ከእናቱ ጓዳ የተነሣ ጥያቄ ነው ወይ? ቢባል መልሱ ያጠራጥራል።

ከዚህ ላይ ሊነሣ የሚገባው የሞራል ጥያቄ ይህ ነው። መሣሪያ በሰው ኑሮ ላይ የሚያስከትለውን ውጤት የማወቅ ግዴታ የማን ነው? የሠሪው ነው? የአዛዡ ነው? ወይስ ለዚሁ ሥራ ተለይቶ በዲግሪ የሚሠለጥን ሌላ ባለሙያ ያስፈልጋል? ጥያቄውን በባዶ ሜዳ ከመከራከር ይልቅ በወለጋ ምድር ላይ የሆኑትን ነገሮች አንድ በአንድ መመልከት ይበጃል።

፪

የፊንጫ ወንዝ ከሆሮ ጉዱሩ ደጋ ተነሥቶ ወደ ዓባይ የሚወርድ ገባር ነው። ይህ ወንዝ ጮመን ተብሎ በሚጠራው ረግረጋማ ሜዳ ላይ ተገድቦ የኤሌክትሪክ ማመንጫው እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ ጀመረ። የሥራው ብልሃት ቀላልና የሚያስደንቅ ነው። ደጋው ላይ የተጠራቀመው ውሃ በቧንቧ ተመርቶ ከአምስት መቶ ሜትር በላይ ወደ ቆላው ይወረወራል፤ የውድቀቱ ኃይል ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑም ጄነሬተሩን ያንቀሳቅሳል። ውሃው እንደዚህ ካለ ከፍታ ስለሚወርድ በመጠነኛ ውሃ ብዙ ኃይል ይገኛል። ኋላም አንድ ተጨማሪ ተርባይን ተተክሎ የማመንጫው አቅም 134 ሜጋ ዋት ደረሰ። ለአዲስ አበባ ፋብሪካዎችና ሆስፒታሎች ፊንጫ የዋለው ውለታ ታላቅ ነው።

ይሁንና ግድቡ ሲሞላ ውሃው ቀስ በቀስ ከሁለት መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መሬት ሸፈነ። ከተሸፈነው ውስጥ እጅግ የሚበዛው ረግረግና የግጦሽ መስክ ነበር፤ የታረሰው መሬት ድርሻ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። ጥያቄው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሀብትን በታረሰ መሬትና በቆመ ቤት ብቻ ለሚቆጥር መዝገብ ረግረግና ሣር ከባዶ መሬት ይቆጠራሉ። ለሆሮ ሰው ግን እንዲህ አይደለም። የሆሮ ከብትና የሆሮ በግ በዝርያቸው በአገር የታወቁ ናቸው። በበጋ ተራራው ሲደርቅ ረግረጉ ዳር የሚለመልመው ሣር የከብቱ መጠጊያ ነው፤ ከብቱም የማረሻው ጉልበት፣ የልጅ ማጥቢያው ወተት፣ የጥሎሹ ክብር፣ የክፉ ቀን ማለፊያው ነው። ስለዚህ በመሐንዲሱ ሠንጠረዥ «ረግረግ» ተብሎ የተመዘገበው ቦታ በሆሮ ሰው አንደበት ሌላ ስም ነበረው፤ ይህን ስም ጠይቆ በመዝገብ ማስፈር ግን የማንም ሥራ አልነበረም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። መስኩና ማሳው በውሃ የተወሰደበት ገበሬ ወደ ላይ፣ ወደ ተዳፋቱ ወጣ። ተዳፋቱ ሲመነጠርና ሲታረስ አፈሩ በክረምት ጎርፍ እየታጠበ ወደ ታች ወረደ፤ የሚወርደውም ወደዚያው ወደ ግድቡ ነው። ደለል ደግሞ የግድብን ዕድሜ የሚያሳጥር ጠላት መሆኑን ማንኛውም የውሃ መሐንዲስ ያውቃል። በሌላ አነጋገር፣ ከሰው ኑሮ ላይ ሳይቆጠር የቀረው ጉዳት ዞሮ በማሽኑ ላይ ተቆጠረ። የኅብረተሰብ ጥናት ከምሕንድስና ውጭ ያለ የርኅራኄ ሥራ ብቻ አለመሆኑን ይህ በግልጽ ያስረዳል።

ከዚህ ሌላ ደግሞ የመብራቱ ጉዳይ አለ። ከፍተኛ ኃይል የሚሸከመው መስመር በመንደሮች አናት ላይ አልፎ ወደ መዲናዪቱ ይጓዛል። በሥሩ ላለው ጎጆ ብርሃን ሊሰጥ የሚችለው ኃይሉን የሚያወርድ ጣቢያና የማከፋፈያ መስመር ሲሠራለት ብቻ ነው፤ ይህም ሌላ በጀትና ሌላ ውሳኔ ይጠይቃል። ውሳኔው በዘገየ ቁጥር በማማው ሥር ኩራዝ ይበራል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ብሂል በዓባይ ገባር ላይ ለተሠራው ማመንጫ ጎረቤቶች ተረት ብቻ አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲባል ፊንጫ ባይገደብ ይሻል ነበር ማለት አይደለም። በ1990ዎቹ መባቻ ሥራ የጀመረው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካና እ.ኤ.አ. በ2011 የተመረቀው የነሼ ማመንጫ ውሃው አሁንም ለብዙዎች እንጀራ መሆኑን ያሳያሉ። ነገር ግን በጮመን ዙሪያ የደረሰውን የመሬት አጠቃቀም ለውጥ በሥርዓት የመረመሩ ጥናቶች ለኅትመት የበቁት ግድቡ ከተሞላ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። የተገኘው እውነት ትክክለኛ እውነት ነው፤ ግን መስኩ ለጠፋበት ሰው የማይደርስ እውነት ሆነ።

፫

የፊንጫ ነገር በሠሪው መዝገብ ያልተጻፈ ጉዳትን ያሳያል። ሁለተኛው ምሳሌ ደግሞ ከዚህ ይለያል። በዚህኛው ሁሉም ሥራውን በትክክል ሠርቶ ሳለ ጉዳት እንዴት እንደሚደርስ ይታያል።

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ፣ ወለጋ ከመግባቱ አስቀድሞ፣ የባኮ የእርሻ ምርምር ማዕከል ይገኛል። ከዚህ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ቢኤች 660 የተባለው ድቅል የበቆሎ ዝርያ በምዕራብ ኢትዮጵያ የበቆሎ እርሻን መልክ ለወጠ። በኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በአገር ምድር ተፈትኖ የተገኘ፣ ለደጋማውና ለዝናባማው አገር የተስማማ፣ ምርቱም ከነባሩ ዘር እጅግ የበለጠ ነበር። ለዚህ ሥራ ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባም።

ይሁንና ድቅል ዘር ከነባሩ ዘር የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ከምርቱ ተመርጦ ለሚቀጥለው ዓመት ቢዘራ ኃይሉ ይደክማል፤ ስለዚህ በየዓመቱ አዲስ ዘር መግዛት ግድ ነው። ቀድሞ ገበሬው፣ ይልቁንም ባለቤቱ፣ ከአዝመራው መካከል ጥሩ ጥሩውን ራስ እየመረጡ ከምድጃው በላይ ጢስ በሚደርስበት ቦታ ሰቅለው ዘር ያቆዩ ነበር። ዘር መምረጥ የቤቱ ዕውቀት ነበር። አሁን ግን ዘሩም ማዳበሪያውም ከቤት ውጭ፣ አብዛኛውን ጊዜም በብድር፣ የሚመጣ ሆነ። ምርቱ በጨመረ መጠን ገበሬው በገበያው ላይ ያለው ጥገኝነትም ጨመረ።

እ.ኤ.አ. በ2001 እና በዋዜማው ዓመት የበቆሎ አዝመራ እጅግ ያማረ ሆነ። ጎተራ ሞላ። በ2002 መጀመሪያ ላይ ግን የበቆሎ ዋጋ ከግማሽ በታች እስከ መውረድ ደረሰ፤ በአንዳንድ ቦታ የአጨዳውን ወጪ እንኳ የማይሸፍን ሆነ። መንገዱ፣ መጋዘኑ፣ የነጋዴው ብድርና ትርፉን ወደ ጎደለበት የሚያደርሰው ሥርዓት ከዘሩ ጋር እኩል አላደጉም ነበር። የማዳበሪያ ዕዳ ግን ቀኑን ጠብቆ መጣ። ብዙ ገበሬዎች ዕዳቸውን መክፈል አቃታቸው፤ በተከታዩ ዓመትም ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለመውሰድ እጃቸውን ሰበሰቡ። በዚያው ዓመት በሌላው የአገሪቱ ክፍል ዝናብ ቀረ፤ በ1995 ዓ.ም. ከአሥር ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። በምዕራቡ በቆሎ በመትረፉ የተቀጣ ገበሬ፣ በምሥራቁ በቆሎ በማጣቱ የተራበ ገበሬ፣ በአንድ አገር በሁለት ዓመት ልዩነት ታዩ።

ጥፋቱ የማን ነው? ዘር አዳቃዩ ሥራው ምርት ማሳደግ ነው፤ አሳደገ። የግብርና ሠራተኛው ሥራው ዘሩን ማዳረስ ነው፤ አዳረሰ። የብድር ሹሙ ሥራው ገንዘቡን ማስመለስ ነው፤ አስመለሰ። እያንዳንዱ በየቢሮው ትክክል ነበር። ጉዳቱ የተፈጠረው በቢሮዎቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ነው። ሰባ ለሠላሳ ተብሎ የተከፈለ የትምህርት ሥርዓትም ሰው የሚያሠለጥነው ለየቢሮዎቹ ነው፤ መካከሉን የሚጠብቅ አያወጣም።

፬

ሦስተኛው ምሳሌ ከዘመኑ መሣሪያ ጋር የተያያዘ ነው። በ2012 ዓ.ም.፣ መንግሥት በአካባቢው ከታጠቁ ኃይሎች ጋር ይዋጋ በነበረበት ወቅት፣ በምሥራቅና በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ከታኅሣሥ ማብቂያ እስከ መጋቢት፣ ሦስት ወር ያህል ተቋርጦ ነበር። የኮሮና በሽታ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ የተነገረው በመጋቢት ወር ነው፤ ወሬውንና መጠንቀቂያውን በስልክ መስማት ለማይችል ሕዝብ የዝምታው ክብደት ምን ያህል እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

ስለ ጸጥታው ጉዳይ የሚከራከሩ ወገኖች የየራሳቸውን ምክንያት ያቀርባሉ። ለዚህ ጽሑፍ ርእስ የሚበጀው ግን ሌላው ገጽታ ነው። ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ቢኬድ በወለጋ ገጠር ስልክ ቢቋረጥ ለአብዛኛው ሰው ምንም አይጎድልበትም ነበር፤ ስልክ አልነበረውምና። ዋጋ በገበያ፣ መርዶ በሰው፣ ገንዘብ በእጅ ይደርስ ነበር። መሣሪያው ከገባ በኋላ ግን የቀድሞዎቹ መንገዶች ቀስ በቀስ ይዘጋሉ። ደብዳቤ መጻፍ ይቀራል፤ መልእክተኛ መላክ ይቀራል፤ የቡና ነጋዴው ዋጋ ለመጠየቅ ወደ ጊምቢ መሄዱን ይተዋል። በዚህ ጊዜ መሣሪያው ሲቋረጥ ሰዉ ወደ ቀድሞው ኑሮ አይመለስም፤ ከቀድሞው ወደ ባሰ ኑሮ ይወርዳል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ገንዘብም በዚሁ ስልክ ላይ መጓዝ ጀምሯል። መሣሪያ ምቾት ከመሆን አልፎ የግድ ሲሆን የቁልፉ ባለቤትነት የቴክኒክ ጥያቄ መሆኑ ያበቃል፤ የፍትሕ ጥያቄ ይሆናል። ይህ ለውጥ ግን በአንድ ቀን አዋጅ ስለማይመጣ፣ ማንም በግልጽ ሳይወስነው የተፈጸመ ይሆናል። አንድ ኅብረተሰብ ሳይወስን የፈጸመውን ነገር ለማየት ደግሞ የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል።

፭

በቴክኖሎጂና በኅብረተሰብ ግንኙነት ላይ የሚሰጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ይገባል ወይ ለሚለው ጥያቄ ከእነዚህ ሦስት ምሳሌዎች አዎንታዊ መልስ የሚገኝ ይመስላል። ነገር ግን ሦስት ብርቱ ተቃውሞዎች ስላሉ በቀላሉ ሊታለፉ አይገባም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የድህነት ነው። «ግድቡን የሚሠራ ሰው ገና ያልጠገበች አገር ስለ ግድቡ የሚመራመር ሰው ለማሠልጠን ገንዘብ አታባክን» ይላል። ይህ አነጋገር ድህነትን በትክክል አልመዘነም። ባለጸጋ አገር አንድ ግድብ ቢደለልበት ሌላ ይሠራል፤ ድሃ አገር ግን በስሕተት የምታወጣው ሁለተኛ ግድብ የላትም። በእጁ አንድ ጥይት ብቻ ያለው አዳኝ አብዝቶ ማነጣጠር ይገባዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የእንጀራ ነው። ተመራቂው የት ይቀጠራል? ወላጆቹ ቡና ሸጠው ያስተማሩት ወጣት ዲግሪውን ይዞ በነቀምቴ ጎዳና ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥ ስለ ኅብረተሰብ ማጥናቱ ራሱ ኅብረተሰቡን መበደል አይሆንም ወይ? ይህ ተቃውሞ ቀልድ አይደለም። መልሱም ትምህርቱ ከመከፈቱ በፊት የሥራው ቦታ መታወቅ አለበት የሚል ነው። የአካባቢና የማኅበራዊ ተጽዕኖ ግምገማ ዛሬ በሕግ የሚጠየቅ ሥራ ነው፤ የኢትዮጵያ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ግምገማው በወረቀት ተጠይቆ በዕውቀት የሚሠራው ሰው ካነሰ ክፍት የሥራ ቦታ አለ ማለት ነው። ይህን ቦታ አስቀድሞ ሳያረጋግጥ ወጣትን የሚመዘግብ ዩኒቨርስቲ ግን በደለኛ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ የሞራል ተቃውሞ ነውና። «ለዚህ ሥራ የተለየ ባለሙያ ከተቀጠረ መሐንዲሱ፣ ሐኪሙና አስተዳዳሪው ኅሊናቸውን ለእሱ በውክልና ሰጥተው እፎይ ይላሉ። ‹የሰው ጉዳይ የእገሌ ክፍል ነው› ይባላል። ስለዚህ ዲግሪው ያድናል የተባለውን ክፍፍል ራሱ ያጸናዋል» ይላል። ይህ እውነት ያለበት ሥጋት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ጽፎ በመደርደሪያ የሚያኖር፣ ሥራው እንዳይቆም ማኅተም የሚያሳርፍ ክፍል ሊፈጠር ይችላል።

ሆኖም በዚህ ተቃውሞ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለዋል። አንደኛው ለሰው ማሰብ ነው፤ ሁለተኛው በሰው ላይ የሚደርሰውን ማወቅ ነው። ለሰው ማሰብ የሁሉም ግዴታ ስለሆነ በውክልና አይሰጥም፤ በዲግሪም አይገኝም። ማወቅ ግን ሙያ ይጠይቃል። የጮመንን መሐንዲስ ቅንነት አልጎደለው ይሆናል፤ የጎደለው ረግረጉ በበጋ ለከብቱ ምን እንደሆነ የሚጠይቅበት መንገድ ነው። የበቆሎው ተመራማሪ ለገበሬው ያስብ ነበር፤ ትርፍ ምርት ሲመጣ መጋዘንና ብድር ምን እንደሚሆኑ ማስላት ግን የሌላ ዕውቀት ሥራ ነው። እንግዲህ ዲግሪው ለማወቅ የሚያሠለጥን እስከሆነ ድረስ ተገቢ ነው፤ ስለ ሌሎች ፈንታ የሚያስብ ኅሊና አመርታለሁ ካለ ግን ሐሰተኛ ነው።

በዚህ ረገድ የወለጋ ምድር ከራሷ የምታቀርበው የአስተሳሰብ ሀብት አላት። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ሰፉ የሚባለው የሞራል ጽንሰ ሐሳብ እያንዳንዱ ፍጡር የራሱ የሆነ ቦታና ክብር እንዳለው፣ ያንን አልፎ መሄድም ነውር መሆኑን ያስገነዝባል። በወለጋ ከሜጫ ኦሮሞዎች መካከል ለዓመታት የኖሩት ካህን ላምበርት ባርቴልስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ጽንሰ ሐሳብ በስፋት መዝግበዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲው የፍልስፍና ምሁር ወርቅነህ ቀልቤሳም የኦሮሞን የአካባቢ ሥነ ምግባር ከዘመናዊው የልማት ጥያቄ ጋር አገናኝተው መርምረዋል። ሰፉ ግዴታን በሰውና በሰው መካከል ብቻ አይወስነውም፤ ውሃውን፣ መስኩንና ከብቱንም ያስገባል። ስለዚህ «ረግረግ» ተብሎ በዜሮ የተመዘገበ ቦታ በሰፉ ፊት ዜሮ ሊሆን አይችልም።

ይህ ማለት ግን ነባሩ ሁሉ ቅዱስ ነው ማለት አይደለም። የመጽሐፍ ቅዱስን ኦሮምኛ ትርጉም እ.ኤ.አ. በ1899 ለኅትመት ያበቃው ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ከእናቱ ተነጥቆ ለባርነት የተሸጠ ሰው ነበር፤ የሥራ ባልደረባው አስቴር ጋኖም እንዲሁ ከባርነት የተፈታች ናት። ነባሩ ሥርዓት ሰፉን እያወቀ ሰውን የሸጠበት ጊዜ እንደነበረ መካድ አይቻልም። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ግን ለተያዘው ርእስ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በምጥዋ አጠገብ በምኩሉ የነበረው የሚሲዮን ማተሚያ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1894 የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አወጣ። ማሽኑ ቃል አልነበረውም። ቃሉን፣ ተረቱንና ዘፈኑን ከትዝታዋ ያቀረበችው አስቴር ናት። የሕዝቡን አንደበት የምታውቀው ሴት ከማሽኑ ጎን ባትቆም ኖሮ መሣሪያው ሥራ አልነበረውም። ኦነሲሞስ በ1904 እ.ኤ.አ. ነቀምቴ ገብቶ ማስተማር ሲጀምር ደግሞ የታተመው ቃል ከቤተ ክህነት ጋር ክርክር አስነሣ፤ ጉዳዩም እስከ ዐፄ ምኒልክ ደረሰ። ሕዝቡን ማወቅ ማሽኑ ከተሠራ በኋላ የሚጨመር አስተያየት አይደለም፤ የማሽኑ የሥራው ክፍል ነው።

እንግዲህ በወለጋ እንዲህ ያለ ትምህርት ቢከፈት ምን ዓይነት ሊሆን ይገባል? ተማሪው ቢያንስ አንድ መሣሪያን እስከ ብሎኑ ድረስ በእጁ ማወቅ አለበት፤ ተርባይን ይሁን፣ የቡና መፈልፈያ ይሁን፣ የስልክ ማማ ይሁን። አሠራሩን የማያውቅ ሰው ስለ ውጤቱ የሚናገረው ወሬ ነው። ከዚህ ጋር አንድ ቀበሌን በጆሮው ማወቅ አለበት፤ ከአዝመራ እስከ አዝመራ አንድ ሙሉ ዓመት ተቀምጦ መስማት አለበት። ለዚህ ዓይነቱ አሠራር አገሪቱ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርስቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍላተ ሀገር ይልክ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻም በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ተማሪዎችንና መምህራንን አሰማርቷል። በሁለቱም ወጣቱ በዋናነት የተላከው ሊያስተምር ነበር። አሁን ግን ሊጠይቅ ይላክ።

የመመረቂያ ጽሑፉም በፕሮፌሰሮች ፊት ብቻ አይዳኝ። ጥናቱ በተደረገበት ቀበሌ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሽማግሌዎች፣ በሴቶችና በወጣቶች ጉባኤ ላይ ይነበብ። «ይህ የእኛ ነገር አይደለም» ካሉ ተማሪው ተመልሶ ይጻፈው። እንዲህ ከሆነ ተመራቂው ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ ያውቃል፤ ማኅተም አሳራፊ ከመሆንም ይድናል። መሐንዲሱም በዚያው ጉባኤ ላይ ተገኝቶ እንዲሰማ ይገደድ፤ ኅሊናው በውክልና እንዳይሄድ የሚጠብቀው ይህ ነው።

የወለጋ ዩኒቨርስቲ ለዚህ ሥራ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የሻምቡ ግቢ በሆሮ ጉዱሩ ይገኛል። መስኩ ሲሸፈን በዓይናቸው ያዩ አዛውንቶች ዛሬ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ከእነሱ ጋር የሚቀበረው ዕውቀት በየትኛውም የምሕንድስና መዝገብ ውስጥ አይገኝም። የመጀመሪያው ተማሪ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከእነሱ ይጀምር፤ ከውሃው በታች ምን ነበር? በየወቅቱስ ለማን?